የሮጠ ሁሉ አጥንቱ አይጠነክርም፦ ታዳጊዎችን አጥንታቸውን ሳይጎዱ ለማሠልጠን

በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ሜዳ ውርጭ ለብሶ ሲያድር፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከሙቅ ጋቢ ውስጥ ወጥተው የሚሮጡ ልጆች ኮቴ ከሩቅ ይሰማል። አብዛኞቹ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው ናቸው፤ ቁርስ አልበሉም፤ ከልምምዱ በኋላም ትምህርት ቤት ለመድረስ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ የሚጠብቃቸው አሉ። እነዚህን ልጆች በስፖርት መምህርነት ሳሠለጥን ብዙውን ዓመት ያሳለፍኩት ትንፋሻቸውንና የሩጫ ሰዓታቸውን በመቁጠር ነው። ስለ አጥንታቸው ማሰብ የጀመርኩት ዘግይቼ፣ ያውም አንዲት ተማሪዬ ከተጎዳች በኋላ ነው።

ይህ መመሪያ በሰሜን ሸዋ ታዳጊዎችን ለሚያሠለጥኑ መምህራንና አሠልጣኞች፣ እንዲሁም ለወላጆች የተጻፈ ነው። ስፖርት ሁሉ ለአጥንት እኩል አይጠቅምም። በአካባቢያችን ከሁሉ በላይ የሚወደደው የርቀት ሩጫ ብቻውን ጠንካራ አጥንት አይሠራም፤ ምግብና ዕረፍት ሲጎድሉበት ደግሞ አጥንትን እስከማሳሳት ይደርሳል። የጎደለውን በዝላይ፣ በጨዋታና በገበታ መሙላት ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጊዜው አጭር ነው

አጥንት እንደ ቤት ምሰሶ አንዴ ተተክሎ የሚቀር ግዑዝ ነገር አይደለም። በውስጡ አሮጌውን የሚያፈርሱ፣ አዲሱን የሚገነቡ፣ እንዲሁም ያረፈባቸውን ጫና እየለኩ ለሁለቱ መልእክት የሚያስተላልፉ ሕያዋን ሴሎች አሉ። በልጅነትና በጉርምስና ግንባታው ከማፍረሱ ይበልጣል፤ አንድ ሰው በሕይወቱ ከሚኖረው ከፍተኛ የአጥንት ክምችት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ተከማችቶ ያልቃል። በካናዳ ሳስካችዋን ልጆችን ለዓመታት እየተከታተለ የለካ ጥናት፣ ማዕድን ወደ አጥንት በከፍተኛ ፍጥነት የሚገባበት ዕድሜ በአማካይ ለሴቶች 12 ዓመት ተኩል፣ ለወንዶች 14 ዓመት ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ጫፍ ዙሪያ ባሉት ሁለት ዓመታት ብቻ የአዋቂው ሰው የአጥንት ማዕድን አንድ አራተኛ ያህሉ ይከማቻል። በእኛ የክፍል ደረጃ ሲቆጠር፣ ሥራው በአብዛኛው ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያልፍ ነው።

በዚሁ ወቅት ሊዘነጋ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። ልጁ በቁመት የሚመዘዝበት ጊዜ ማዕድኑ ከሚገባበት ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያህል ይቀድማል። ስለዚህ አጥንቱ ረዝሞ ገና ያልጠጠረበት ክፍተት አለ፤ በዚህ ዕድሜ የክንድ ስብራት የሚበዛውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በገጠር ቀበሌዎቻችን የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ልጅ ብዙ ስለሆነ፣ እኔ በዕድሜ ወረቀት ላይ ከመተማመን ይልቅ ቁመትን መለካት እመርጣለሁ። የክፍሉን ግድግዳ በሜትር ምልክት አድርገው በየሦስት ወሩ፣ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ጫማ አስወልቀው ይለኩ፤ ውጤቱንም በደብተር ይመዝግቡ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የጨመረ ልጅ የመመዘዣ ወቅቱ ላይ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በዚያ ጊዜ ሩጫውን በሲሶ ያህል መቀነስ፣ ዝላዩንም ከመጨመር ባለበት ማቆየት ተገቢ ነው። ልጁ ድንገት ሲንቀራፈፍና እግሩን ሲያደናቅፈው ሰነፈ ብሎ መቆጣትም አያስፈልግም፤ አዲሱን የእግሩን ርዝመት ገና አልለመደውም።

አጥንት የሚሰማው ምንድን ነው?

ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው ሥራው አጥንት ቅርጹንና ውስጣዊ አሠራሩን ለሚያርፍበት ጫና እንደሚያስማማ ጽፎ ነበር። የዚህ ጥሩ ማሳያ ከልጅነታቸው ጀምረው የሜዳ ቴኒስ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው፤ ራኬት የሚይዘው ክንዳቸው አጥንት ከሌላው ክንድ በግልጽ ይወፍራል። ሰውየው አንድ ነው፣ ምግቡ አንድ ነው፣ ደሙም አንድ ነው፤ የተለያየው ምቱ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ አጥንት ለሁሉም ጫና እኩል መልስ አይሰጥም። የሚመልሰው ከለመደው በላይ ለሆነ፣ በፍጥነት ለሚያርፍና አቅጣጫው ለሚለዋወጥ ጫና ነው። አንድ ዓይነት ምት ሳያቋርጥ ሲደጋገምበት ግን ይደነዝዛል። በወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው የሞተሩን ድምፅ እንደማይሰማው ሁሉ፣ የአጥንት ሴሎችም ከጥቂት ደርዘን ተመሳሳይ ምቶች በኋላ አዲስ ነገር እንደመጣባቸው አይቆጥሩም። ስሜታቸው የሚመለሰው ለሰዓታት ሲያርፉ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከሚዘለል መቶ ዝላይ ይልቅ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ተከፋፍሎ የሚዘለል ሠላሳ ዝላይ ለአጥንት የበለጠ ትርጉም አለው።

ስፖርቶቹ ሲነጻጸሩ

በዚህ መለኪያ ከፊት የሚሰለፉት ጂምናስቲክና የሰርከስ ልምምድ ናቸው። አንድ ጂምናስት ከከፍታ ወርዶ ሲያርፍ መሬት የምትመልስበት ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በእጁ ስለሚቆምና ስለሚገለባበጥም የክንዱ አጥንት ድርሻውን ያገኛል። ደብረ ብርሃን የታወቀ የሰርከስ ቡድን ያላት ከተማ በመሆኗ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በእጅ አንጓና በታችኛው ወገብ ላይ ነው። የእጅ አንጓ ማደጊያ ልም አጥንት በተደጋጋሚ ጫና ሊጎዳ ይችላል፤ ወገብን ወደ ኋላ አብዝቶ መለመጥም የአከርካሪን የኋላ ክፍል ሊሰነጥቅ ይችላል።

እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስና እጅ ኳስ ቀጥለው ይመጣሉ። ልጁ ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይዘላል፣ ይገፋል፤ ይህ ሁሉ አቅጣጫው የሚለዋወጥ ምት ነው። በእንግሊዝ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የተመራ አንድ ጥናት እግር ኳስ የሚጫወቱ፣ የሚዋኙና ብስክሌት የሚጋልቡ ከ12 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ወንዶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ የኳስ ተጫዋቾቹ የአጥንት ዕድገት የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ዋናተኛውን ውኃው፣ ብስክሌተኛውን ኮርቻው ስለሚሸከሙላቸው ልባቸውና ጡንቻቸው ቢበረታም አጥንታቸው በቂ ጥሪ አይደርሰውም። የሚያበረታታው፣ በዚያው ጥናት ዋናተኞችና ብስክሌተኞች በልምምዳቸው ላይ ለዘጠኝ ወር አጭር የዝላይ መርሐ ግብር ሲጨመርላቸው የአጥንታቸው ሁኔታ መሻሻሉ ነው። በእኛ አካባቢ የመዋኛ ገንዳ ብርቅ ቢሆንም በደብረ ብርሃን ደልዳላ መንገድ ብስክሌት የሚጋልብ ታዳጊ አይጠፋምና ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ክብደት ማንሳት በታዳጊነት ቁመት ያስቀራል የሚለው አባባል መሠረት የለውም። በሚያውቅ ሰው ክትትል፣ በቀላል ክብደትና በትክክለኛ አቋም የሚሠራ የጡንቻ ማጠንከሪያ አጥንትንም ይጠቅማል። እኔን የሚያሳስበኝ በየመንደሩ ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ የሚሠራው ክብደት ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ስለመመዘኑ እርግጠኛ የሚሆን የለም፣ ልጆቹም ማን የበለጠ አነሣ እያሉ ይፎካከሩበታል።

አሁን ወደ ሩጫው እንምጣ። አጭር ርቀት የሚሮጡና የዝላይ ተወዳዳሪዎች በአብዛኛው ከረጅም ርቀት ሯጮች የተሻለ የአጥንት ጥንካሬ አላቸው። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ልጅ በሺህ የሚቆጠር እርምጃ ይራመዳል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ግን ያለፈው ግልባጭ ነው። እግሩ መጠነኛ ጥቅም ሲያገኝ አከርካሪው ብዙም አያገኝም። ጉዳቱ የሚመጣው ኪሎ ሜትሩ እየጨመረ ምግቡ ባለበት ሲቆም ነው፤ ሰውነት ጉልበት ሲያጥረው ሆርሞኖቹን ዝቅ ያደርጋል፣ የአጥንት ግንባታውንም ለሌላ ቀን ያቆየዋል። በየቀኑ የሚደርሰው ጥቃቅን ድካም ሳይጠገን ሲጠራቀም ደግሞ አጥንቱ ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ይከፈላል።

መሬታችን ራሱ የሚጨምረው ነገር አለ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፣ ወደ ታች ሲሮጥ እግር እንደ ፍሬን እንደሚሠራ ያውቃል። በቁልቁለት ሩጫ በቅልጥም ላይ የሚያርፈው ጫና ከሜዳው ይበልጣል፤ ልጁም ፍጥነቱን መቆጣጠር ሲያቅተው አረጋገጡ ይበላሻል። ዳገቱን ይሩጡት፣ ቁልቁለቱን ይራመዱት የሚለው ደንብ በቡድኔ ውስጥ የማይጣስ ነው። በአስፋልትና በኮረኮንች ፋንታም ሣር ሜዳን ማስቀደም ይገባል።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ በሚባል መንደር በ1924 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው ይህ ሰው በልጅነቱ ከብት እየጠበቀ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር እንጂ በሰዓት እየተለካ አልሠለጠነም፤ የሩጫ ሥልጠና ያገኘው አድጎ የክብር ዘበኛ ወታደር ከሆነ በኋላ ነው። ይህን የምጠቅሰው ስለ አጥንቱ የተለካ ነገር ኖሮ አይደለም። የገና ጨዋታ በዱላ እየመቱ፣ እየተጋፉ፣ በድንገት እየዞሩና እየተፈተለኩ የሚጫወቱት በመሆኑ አጥንት የሚፈልገውን ሁሉ የያዘ ነው ለማለት ነው። የሴቶቹ ገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ናቸው። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ወደፊት፣ ወደጎንና ወደኋላ የሚያዘልል ነውና ከእርሱ የተሻለ የአጥንት ልምምድ አስቤ ላውጣ ብል የምችል አይመስለኝም። ተማሪዎቼ ይህን ጨዋታ የሕፃናት ነው ብለው የሚተዉት በትክክል አጥንታቸው ይበልጥ በሚፈልገው ዕድሜ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የዝላይ መርሐ ግብር፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ

አጥንት አንድን ቦታ አፍርሶ ለመሥራት ወራት ይፈጅበታል። በሁለት ሳምንት የሚታይ ለውጥ የለም፤ ሰባትና ስምንት ወር ሳይቋረጥ መቀጠል ያስፈልጋል፤ ለዚህም የትምህርት ዘመኑ ይመቻል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ትምህርት ቤቶች የደወል ድምፅ በተሰማ ቁጥር ልጆች አሥር ጊዜ እንዲዘሉ፣ ይህንንም በቀን ሦስት ጊዜ እንዲደግሙ ተደርጎ ለወራት ሲሞከር፣ የዳሌያቸው አካባቢ አጥንት ካልዘለሉት የተሻለ መጨመሩ ታይቷል። እኛ ይህን በጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ፣ በዕረፍት ደወልና በመውጫ ሰዓት ልናደርገው እንችላለን፤ የሚጠይቀው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ለሯጮች ቡድን ግን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከል አንድ ቀን እያሳረፉ የሚሠራ መርሐ ግብር አለኝ። ዝላዩ ሁልጊዜ ካሟሟቁ በኋላና ከሩጫው በፊት ይሁን፤ የደከመ እግር አስተራረፉን ያበላሻል። በመስከረም ልጆቹ በሁለት እግር ባሉበት ቦታ አሥር ጊዜ ይዘላሉ፣ ጥቂት አርፈው አንድ ዙር ይደግማሉ። በዚህ ወር ዋናው ትምህርት ማረፍ ነው። ፊት ለፊታቸው ይቁሙና ጉልበታቸውን ይመልከቱ፤ ሲያርፉ ሁለቱ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ከተጠጋጉ ልጁ ለቀጣዩ ደረጃ አልደረሰም። እግር መሬት ሲነካ ጉልበትና ዳሌ መታጠፍ አለባቸው፤ ጉልበቱም ከእግር ጣቶች ጋር በአንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት።

ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ አቅጣጫ ይጨመራል፤ አሥር ወደፊት፣ አሥር ወደጎን፣ አሥር እየዞሩ። በጥር በአንድ እግር መዝለልና ወደ ሃያ ሴንቲ ሜትር ከሚጠጋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ደረጃ ላይ መውረድ ይገባል፤ የማረፊያ አቋማቸው የጠራ ልጆች ከመጋቢት በኋላ ከፍታውን ሠላሳና አርባ ሴንቲ ሜትር ሊያደርሱት ይችላሉ። የአንድ ቀን ዝላይ ከሃምሳና ስድሳ ባይበልጥ እመርጣለሁ። በእያንዳንዱ ጠንካራ ዝላይ መካከል ሁለትና ሦስት ትንፋሽ መውሰድ ጊዜ ማባከን ሳይሆን አጥንቱ ቀጣዩን ምት እንደ አዲስ እንዲሰማው ማድረግ ነው። ሣሩ በውርጭ የሚያንሸራትት ከሆነ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠበቅ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሩጫው ይቀርና ኳስ፣ ገና ወይም ሰኞ ማክሰኞ ይሁን፤ ልጆቹ ይህን ቀን ዕረፍት ይሉታል፣ እኔም አላርማቸውም።

ስለ አጠቃላይ መጠኑ በስፖርት ሕክምና ዘንድ የተለመደ አንድ ምክር አለ፤ የታዳጊው የሳምንት የልምምድ ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር መብለጥ የለበትም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በሳምንት ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ አይሠለጥንም ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ይህን ስንቆጥር ውኃ መቅዳቱን፣ እንጨት ለቀማውን፣ ከብት ጥበቃውንና የትምህርት ቤቱን መንገድ ከሒሳብ ማስወጣት አይቻልም። ቡድኑን ሲመዘግቡ ልጁ ከልምምድ ውጪ ስንት ሰዓት በእግሩ እንደሚቆም ይጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል።

ገበታው

ከ9 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል፤ እርጎም ከዚያ አያንስም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ሲኖረው የገብስና የስንዴ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ይህ ልዩነት ለሰሜን ሸዋ ቀላል አይደለም፤ በምንጃር ጤፍ የሚበላ ልጅና በመንዝ ገብስና ባቄላ የሚበላ ልጅ ከእንጀራቸው የሚያገኙት ካልሲየም አይተካከልም። ስለዚህ በደጋው ያለ ቤተሰብ ላሟ ስትታለብ ወተቱን በሙሉ ለገበያ ከመላክ ለሚሮጠው ልጅ ሁለት ብርጭቆ ማስቀረቱ ከየትኛውም የስፖርት ጫማ በላይ ይጠቅመዋል። ገብሱን ግን ማናናቄ አይደለም። በሶ ለሯጭ የተፈጠረ የሚመስል የጉልበት ምግብ ነው፤ ከልምምድ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ኩባያ በሶ የጠጣ ልጅ ሰውነቱ አጥንቱን እንዲበላ አላስገደደውም።

ከአትክልት ጎመንን ያስቀድሙ። ቆስጣ ካልሲየም ቢኖረውም በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ የጎመኑ ግን በደንብ ይመጠጣል። ከነልጣጩ ተቆልቶ የተፈጨ ሰሊጥ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 80 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ለአጥንት ፕሮቲንም ያስፈልጋልና ሽሮው፣ ምስሩና የባቄላው ክክ ከገበታው አይጥፉ።

ጾምን ሳያነሡ ስለ ገበታ መጻፍ በእኛ አገር አይሆንም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያትና ፍልሰታ ሲደመሩበት ወተት የማይቀመስባቸው ቀኖች ወደ ዓመቱ ግማሽ ይጠጋሉ። እያደገና እየሠለጠነ ያለ ልጅ እንዴትና እስከ ስንት ሰዓት ይጹም የሚለውን የሚወስኑት ቤተሰቡና የንስሐ አባቱ ናቸው፤ አሠልጣኝ በዚህ ውስጥ አይገባም። የአሠልጣኙ ድርሻ ልምምዱን ማስማማት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ ይሥራ፤ ከባዱ ልምምድ በልቶ ከጨረሰ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ማታ ይሁን። በጾም ሳምንታት ኪሎ ሜትር አይጨመርም፤ ዝላዩ ግን ባለበት ይቀጥላል። በገበታው ላይ የጤፍ እንጀራ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ተልባና ሽሮ ይብዙ።

ቫይታሚን ዲን ቆዳችን ከፀሐይ ያመርተዋል፤ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ የሚያደርገውም እርሱ ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር ይህ ይጎድላል ማለት የማይታመን ይመስላል፤ ነገር ግን ጎሕ ሳይቀድ ሮጦ፣ ቀኑን ክፍል ውስጥ ውሎ፣ ከብርዱ የተነሣ እስከ አንገቱ ተሸፋፍኖ የሚወጣ የደጋ ልጅ ፀሐይዋን ያያታል እንጂ አይሞቃትም። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ረፋድ ላይ ክንድና እግር ተገልጦ ሃያ ደቂቃ ያህል ልምምድ መሥራት ይህን ያቃልላል።

ስለ ሴት ልጆች

ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የአጥንት ጠባቂ ነው፤ በሰውነት ውስጥ መኖሩንም የወር አበባ ይናገራል። በልምምድ ላይ ያለች ልጅ 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካላየች፣ ወይም ማየት ከጀመረች በኋላ ሦስት ወር በተከታታይ ከቀረባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። በሯጮች ዘንድ የወር አበባ መቅረት የጥሩ ሥልጠና ምልክት ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ፤ አደገኛ ስሕተት ነው። ሰውነቷ ምግብ አንሶኛል እያለ ነው። እኛ ወንድ አሠልጣኞች ይህን ለመጠየቅ እንፈራለን፣ ልጆቹም ለእኛ ለመናገር ያፍራሉ። ስለዚህ ከሴት መምህራን አንዷ ጉዳዩን ትያዘው፤ ለእያንዳንዷ ልጅ ትንሽ የቀን መቁጠሪያ ተሰጥቷት ራሷ ምልክት ታድርግበት። ክብደት ቀንሺ የሚለው ቃል ከሜዳ ይውጣ። ወንዶቹም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ በቂ ሳይበሉ ብዙ ሲሮጡ የእነርሱም ቴስቶስቴሮን ይወርዳል፤ የሚያስጠነቅቃቸው ወርሃዊ ምልክት ስለሌላቸው ብቻ ሳይታወቅ ይቆያል።

ሕመሙን ለይቶ ማወቅ

መግቢያው ላይ ያነሣኋት ተማሪዬ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ቅልጥሜን ያመኛል ስትለኝ ለሦስት ሳምንት ያህል ጡንቻ ነው፣ ይለቅሻል እያልኩ አስሮጥኳት። አንድ ቀን ግን ከሩጫ በኋላ ተቀምጣ ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ በአውራ ጣቷ አንዲት ነጥብ ጫን ስትል ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ጣቷን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋ ስትጫን ምንም አልተሰማትም፤ መልሳ ስታወርደው ጮኸች። ያንን ፈተና እኔ በመጀመሪያው ቀን ልሠራው ይገባኝ ነበር።

ከቅልጥም ውስጠኛው ጠርዝ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተዘርግቶ የሚሰማ፣ ሲሟሟቁ የሚቀል ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ጫናውን በመቀነስ ይድናል። በአውራ ጣት ስፋት ልክ በአንድ ነጥብ ላይ የቆመ፣ በሮጡ ቁጥር የሚብስ፣ ቆይቶም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ግን የአጥንት ስንጥቅ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ሩጫው በዚያው ቀን መቆም አለበት። በእግር መዳፍ አጥንቶች ላይም ምልክቱ ይኸው ነው። ከሁሉ የሚያሠጋው በብሽሽት በኩል የሚሰማው ነው፤ የጭን አጥንት አንገት ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ልጁ እግሩን ሳይረግጥበት በዕለቱ ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል። ከጉልበት በታች ባለው የአጥንት ጉብታና በተረከዝ ላይ የሚሰማው ሕመም ደግሞ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከማደጊያው ልም አጥንት መጎተት የሚመጣ ነው፤ ያስቸግራል እንጂ ጫናው ሲቀልለት ይለቃል።

ወጌሻዎቻችን ለወለምታ የሚያደርጉትን አላናንቅም። የተሰነጠቀ አጥንት ግን መታሸት የለበትም፤ ደም እስኪያቆም ድረስ በቀርከሃ ጠብቆ መታሰሩም እግር እስከማሳጣት ያደርሳል። ራጅ ተነሥቶ ምንም አልታየም ቢባልም ጉዳዩ አልተዘጋም፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙ ራጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዲደገም ወይም ኤም አር አይ እንዲታይ ሊያዝዝ ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ልጁ እንደተሰነጠቀ ተቆጥሮ ይረፍ።

የቅልጥም ስንጥቅ በተለምዶ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕረፍት ይፈልጋል። ብስክሌትና ዋና በዚህ ጊዜ ጥሩ ወዳጆች ናቸው፤ በሌላ ቀን እንደ ጉድለት የቆጠርንባቸው አጥንትን አለመምታታቸው አሁን ይፈለጋል። ወደ ሩጫ ለመመለስ ልጁ ግማሽ ሰዓት ያለ ሕመም መራመድ፣ ነጥቡም ሲጫኑት አለማመም አለበት። ተማሪዬ የጀመረችው አንድ ደቂቃ እየሮጠች አራት ደቂቃ እየተራመደች፣ ይህንኑ በሣር ላይ ስድስት ጊዜ በመደጋገም፣ አንድ ቀን እያረፈች ነው። በየሳምንቱ ከመራመጃው አንድ ደቂቃ ቀንሰን በሩጫው ላይ ጨመርን፤ ዝላዩን የመለስነው ሃያ ደቂቃ ሳታቋርጥ መሮጥ ከቻለች በኋላ፣ በሁለት እግር አሥር ጊዜ ብቻ ነበር። ሕመሙ በዚያችው ነጥብ ላይ በተመለሰ ጊዜ ሦስት ቀን አርፋ ከሁለት ሳምንት በፊት ከነበረችበት ደረጃ ትቀጥላለች፤ ሁለተኛ ከተመለሰ ግን ወደ ሐኪሟ ትሄዳለች።